አደራና ደመወዝ፤ የሰውን ልጅ ለሚያሳድግ ዋጋ መክፈል ይገባልን?

የሌላውን ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድግ ሰው ስለ ድካሙ ገንዘብ ቢቀበል ምግባሩ ይጎድልበታልን? ጥያቄው ለጊዜው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን ከባድ ነው። አንዳንዶች «ፍቅር በገንዘብ አይገዛም፤ ስለ ደመወዝ ብሎ ልጅ ማሳደግ ልጁን ሸቀጥ ማድረግ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሕፃን በፍቅር ብቻ አይጠግብም፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ መድኃኒቱ ከየት ይምጣ?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት አንዳንድ ቁራሽ ይዘዋል፤ ቁራሹን እንደ ሙሉ እንጀራ አድርገው ሲያቀርቡት ግን ይሳሳታሉ።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በኦሪት ዘፀአት በ2ኛው ምዕራፍ ይገኛልና። ፈርዖን የዕብራውያን ወንዶች ልጆች ወደ ወንዝ እንዲጣሉ ባዘዘ ጊዜ፣ ከሌዊ ወገን የሆነች አንዲት ሴት ልጇን ሦስት ወር ሸሸገችው፤ ከዚያ ወዲያ መሸሸግ ስላልተቻላት በደንገል ሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር በቄጠማው መካከል አኖረችው። የፈርዖን ልጅ ልትታጠብ ወርዳ አገኘችው፤ ራራችለትም። የሕፃኑ እኅት ብልህ ነበረችና የምታጠባ ሴት ፈልጋ እንድታመጣ ለልዕልቲቱ ሐሳብ አቅርባ የገዛ እናቱን ጠርታ አመጣች። በዚህ ጊዜ ልዕልቲቱ ሕፃኑን እንድታጠባላት፣ ስለ ድካሟም ደመወዝ እንደምትሰጣት ለሴቲቱ ነገረቻት። ታሪኩን ትንሽ ትልቁ ያውቀዋል፤ ይህችን የደመወዝ ነገር ግን ብዙ አንባቢ ሳያስተውላት ያልፋል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። የነቢያት አለቃ ሙሴ ጡት የጠባው በደመወዝ ነው። ደመወዙንም የተቀበለችው ባዕድ ሴት ሳትሆን የወለደችው እናቱ ናት። መጽሐፍ እናቲቱን ስለ ተቀበለች አይነቅፋትም፤ ልዕልቲቱንም ስለ ከፈለች አያማትም። ገንዘቡ በእናቲቱ እጅ ስለ ገባ ወተቷ አልደረቀም፤ ፍቅሯም ወደ ንግድ አልተለወጠም። ትናንት ተሸሽጎ የነበረው ሕፃን በንጉሥ ልጅ ትእዛዝ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ጠባ። ስለዚህ «ገንዘብና የእናት ፍቅር በአንድ ቤት አያድሩም» የሚለው አባባል ገና በኦሪት ዘመን ፈርሷል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሕፃኑ ባደገ ጊዜ እናቱ ወደ ፈርዖን ልጅ ወሰደችው፤ ለልዕልቲቱም ልጅ ሆነላት። የማጥባት ዋጋ ተከፍሏል፤ የመለየት ዋጋ ግን አልተከፈለም፤ ሊከፈልም አይችልም። ልጁን ለማጠብ፣ ለማጉረስ፣ ሌሊት ሲያለቅስ ለመነሣት ሒሳብ ሊሠራ ይቻል ይሆናል፤ ያሳደጉትን ልጅ በእጅ ይዞ ወስዶ ለሌላ ቤት ለማስረከብ ግን ልክ የሚያወጣ ሒሳብ ዐዋቂ የለም። ልጅን በአደራ የሚያሳድግ ሰው መጨረሻው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ዐውቆ ይጀምራል፤ ልጁ ወደ ወላጆቹ ይመለስ ይሆናል፤ ወይም በጉዲፈቻ ለሚቀበለው ለሌላ ቤተሰብ ይሰጥ ይሆናል። ስለዚህ ደመወዝ የፍቅር ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን ስቷል። ደመወዝ የሚከፈለው ስለ እንጀራው፣ ስለ ጊዜውና ስለ ጉልበቱ ነው፤ ፍቅሩ ከሒሳቡ ውጭ በነጻ የሚሰጥ ነው።

ይህን የማይቀበል ሰው የዮሐንስን ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ሊጠቅስ ይችላል። በዚያ ጌታ ስለ መልካሙ እረኛና ስለ ምንደኛው ሲያስተምር፣ ምንደኛው ተኵላ በመጣ ጊዜ በጎቹን ትቶ እንደሚሸሽ ተናግሯል። «እንግዲህ በደመወዝ የሚያሳድግ ሁሉ ምንደኛ አይደለምን?» ይላል ተቃዋሚው። መልሱ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ የምንደኛው ነውር ለበጎቹ አለማሰቡ ነውና። ደመወዝ ሳይቀበሉ የሸሹ ብዙዎች ናቸው፤ ደመወዝ እየተቀበሉ በተኵላው ፊት የቆሙም ብዙዎች ናቸው። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያስተማረው ራሱ ጌታ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ይህንኑ ደግሞታል። እንግዲህ ምንደኛ የሚታወቀው ደመወዝ በሚቀበልበት ቀን ሳይሆን ተኵላው በሚመጣበት ቀን ነው።

መክፈል የተፈቀደ ከሆነ ዘንድ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እንዴት ይከፈል የሚለው ነው። ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የሚመጡ ምእመናን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርዱ፣ በትውፊት የደጉ ሳምራዊ ማረፊያ የሚባለውን ስፍራ በመንገዳቸው ላይ ያያሉ። መንገዱ ከደጋው ወደ ዮርዳኖስ ቆላ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቍልቍል የሚወርድ ደረቅና ምድረ በዳ ነው። ስለ ሳምራዊው ርኅራኄ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ማረፊያው ጠባቂ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ጠባቂው የማያውቀውን ቍስለኛ ተቀብሎ እንዲያስታምም አደራ የተሰጠው ሰው ነው። ሳምራዊውም «አንተም ደግ ከሆንህ በነጻ አስታምመው» አላለውም፤ የራሱን ደግነት በሌላው ሰው ኪሣራ አልፈጸመም። ሁለት ዲናር አውጥቶ ሰጠው። በማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ እንደሚታየው አንድ ዲናር ያን ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። ከዚያም በላይ ቢያወጣ በሚመለስበት ጊዜ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት።

በዚህች ትንሽ ውል ውስጥ የአሳዳጊ አከፋፈል ሕግ ተጠቃልሎ ይገኛል። አንደኛ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ተሰጠ፤ ጠባቂው ከኪሱ አውጥቶ እስኪተካለት ደጅ እንዲጠና አልተደረገም። ሁለተኛ፣ ክፍያው በቍስለኛው ፍላጎት ተለካ እንጂ በከፋዩ ንፍገት አልተለካም፤ የጎደለው እንደሚሞላ ተነግሯልና። ሦስተኛ፣ ከፋዩ እንደሚመለስ አስታወቀ። ይህም መመለስ ለጠባቂው ተስፋ፣ ለቍስለኛውም ጥበቃ ነው። የሚከፍል ሰው ተመልሶ የማያይ ከሆነ ገንዘቡ ምጽዋት ሳይሆን ከኀላፊነት መገላገያ ይሆናል።

ይህ ሕግ በተጣሰበት ስፍራ ገንዘብ ምን ያህል ክፉ እንደሚሠራ የአውሮፓ ታሪክ ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ያለ ጋብቻ የወለዱ ድኾች ሴቶች ሕፃናታቸውን በክፍያ ለአሳዳጊ ይሰጡ ነበር። ከተቀባዮቹ አንዳንዶቹ ገንዘቡን በየሳምንቱ በመቀበል ፈንታ በአንድ ጊዜ ጠቅልለው ይወስዱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ በኖረ ቍጥር ወጪ፣ በሞተ ጊዜ ትርፍ ሆነ። ማርጋሬት ዋተርስ የተባለች ሴት በ1870 እ.ኤ.አ.፣ አሚሊያ ዳየር የተባለችውም በ1896 እ.ኤ.አ. በዚህ ዐይነት ግድያ ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። የአገሩ ፓርላማ በ1872 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ዓመት ያልሞላቸውን ከአንድ በላይ ሕፃናት በክፍያ የሚያሳድጉ ሰዎች እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ ሕጉ ግን ቀዳዳ ስለ ነበረው በ1897 እ.ኤ.አ. በሌላ ሕግ ተጠናከረ።

በስዊስ አገር ደግሞ ወላጅ የሌላቸው ወይም ከድኻ የተወለዱ ልጆች ለገበሬ ቤት ይሰጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በአንዳንድ ስፍራ ልጆቹ ለጨረታ ይቀርቡ ነበር፤ ጨረታውም የተገለበጠ ነበር። አሸናፊው ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ሳይሆን፣ ልጁን ለማሳደግ ከአጥቢያው አስተዳደር ዝቅ ያለ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው ነበር። አጥቢያው ጥቂት ገንዘብ አተረፈ፤ የጎደለውን ልጁ በጉልበቱ ከፈለ። ጨረታው ከቀረ በኋላም ልጆችን ለጉልበት ሥራ መስጠት እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዘለቀ። የስዊስ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ተጎጂዎቹን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለ ሕግም ለእያንዳንዱ ተጎጂ 25,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተወሰነ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አርጅተው ነበር፤ ሳይደርሱበት የሞቱም ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች በመልክ ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ክፋቱ የገባው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለ ተከፈለና ማንም ተመልሶ ስላልጠየቀ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ ለልጁ ኑሮ እንዳይበቃ አስቀድሞ ስለ ተቀነሰ ነው። በሁለቱም ስፍራ ጥፋቱ መክፈል አልነበረም፤ ሳምራዊው እንዳደረገው አለማድረግ ነበር። በገንዘብ የተነሣ ልጅ ሲበደል አይቶ «እንግዲያስ ክፍያው ይቅር» የሚል ሰው፣ መድኃኒት ከመጠን በላይ ሰጥቶ የገደለ ሐኪም ስላየ በሽተኛ ሁሉ ያለ መድኃኒት ይቅር ከሚል ሰው አይሻልም።

መልካሙ ምሳሌም አልጠፋም። ዳቴዎስ የተባለ የሚላን ካህን በ787 እ.ኤ.አ. ለተጣሉ ሕፃናት ቤት ባቆመ ጊዜ፣ ለሚያጠቧቸው ሴቶች ደመወዝ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ዛሬም በእንግሊዝ አገር በአደራ ለሚያሳድጉ ሰዎች የሚሰጠው ገንዘብ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ለልጁ ምግብ፣ ልብስና መጓጓዣ የሚውል አበል ነው፤ ዝቅተኛውን ልክ መንግሥት በየዓመቱ ይወስናል፤ ልኩም እንደ ልጁ ዕድሜና እንደ አካባቢው ይለያያል። ሁለተኛው ስለ አሳዳጊው ጊዜና ሙያ የሚሰጥ ክፍያ ነው፤ ይህ በሁሉ ዘንድ አንድ ዐይነት አይደለም። የልጁን ድርሻ ከአሳዳጊው ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ጥበብ አለበት፤ ገንዘቡ ሲቀላቀል ሕሊናም ይቀላቀላልና።

የአማርኛ ቋንቋም ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲያስብበት የኖረ ይመስላል። የአባት ሚስት «እንጀራ እናት» ትባላለች፤ ያልወለደችውን ልጅ ከእርሷ ጋር የሚያገናኘው እንጀራው ነው ማለት ነው። ምግባሩ የተበላሸውን ሰው ሕዝቡ «አሳዳጊ የበደለው» ብሎ ይሰድበዋል፤ በዚህም ስድብ ውስጥ ፍርዱ ከተሰዳቢው አልፎ ወደ አሳደገው ሰው ይሄዳል። ልጅን በሕግ ተረክቦ ለጊዜው የሚያሳድገው ቤትም «የአደራ ቤተሰብ» ተብሏል። ይህ ስም ከባድ ስም ነው፤ በአማርኛ «አደራ በላ» ከመባል የሚከፋ ነውር ጥቂት ነውና። ለልጁ የተሰጠውን ገንዘብ ለራሱ ያዋለ ሰው አደራ በላ ነው። ነገር ግን ልጁን አስረክቦ የሚበላውን ያልሰጠ ሰው፣ አስተዳደር ቢሆን ማኅበር ወይም ዘመድ፣ እርሱስ ምን ሊባል ይገባዋል?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በአንዲት ተሳላሚ ሕይወት ታይቷል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ በወሎ ድርቅ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት አገኙ፤ ሁለቱንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ያህል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የልጆቹ ቍጥር 21 ደረሰ። የቅርብ ሰዎቻቸው ነገሩን ስላልወደዱት ከቤታቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ እርሳቸውም ልጆቹን መርጠው የሞቀ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን መገቡ። በኋላ ሥራቸው ሰፍቶ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ድርጅት ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰኔ ወር ባረፉ ጊዜም ብዙ ሰው «እናቴ» ብሎ አለቀሰላቸው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰሚው ሁሉ ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን አድናቆት አንዳንድ ጊዜ የስስት መሸፈኛ ይሆናል። ሴትዮዋ ቤታቸውን መተዋቸው የእርሳቸው ክብር ነው፤ ለመተው መገደዳቸው ግን በዙሪያቸው የነበረው ሰው ዕዳ ነው። ፍቅር በአንድ ቀን ወደ ልብ ሊገባ ይችላል፤ እንጀራ ግን በየቀኑ ይጋገራል። ጻድቅ ሰው መሥዋዕት ሲሆን ማየት የሚወድድ፣ እንጨት ማቀበል ግን የማይወድድ ሕዝብ፣ ጽድቁን ለሌላ አሸክሞ ምርቃቱን ለራሱ የሚፈልግ ነው። ያዕቆብ ሐዋርያ ለተራቆተውና ለተራበው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በሰላም ሂድ ብሎ ማሰናበት ምንም እንደማይጠቅም ያስተማረው ስለዚሁ ነው።

ነገሩ በኢትዮጵያ ዛሬ የበለጠ አስቸኳይ ሆኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1070 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ የሚሰጡበትን በር ዘግቷል። በሩን መዝጋት ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ወደ ውጭ የማይሄደው ልጅ በአገሩ ውስጥ የሚያሳድገው ቤት ይፈልጋል፤ ቤቱም አቅም ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ይህን ሸክም የምታነሣው አያት ወይም አክስት ናት፤ «የራሷ ደም ነው» ተብሎም የሚረዳት አይኖርም። የሙሴ እናት ግን የራሷ ደም ስለ ነበረ ደመወዙ አልተከለከለባትም። ዘመድ መሆን ፍቅርን ያበዛ እንደ ሆነ እንጂ የጤፍን ዋጋ አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልጁ ጥያቄ ነው። ልጁ አድጎ አንድ ቀን ስለ እርሱ ገንዘብ ይከፈል እንደ ነበረ ይሰማል፤ «የምታሳድጉኝ ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ገንዘቡ?» ብሎም ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በመሸሸግ ማምለጥ አይገባም፤ የተሸሸገ ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ይመርዛልና። እውነተኛው መልስ አጭር ነው፦ ገንዘቡ የሰጠው ዱቄቱንና ጫማውን ነው፤ አንተ በታመምህ ሌሊት የነቃው ግን ገንዘቡ አልነበረም። ይህን ለማለት የሚችለው በእርግጥ የነቃ ሰው ብቻ ነው። ያልነቃ ሰው ሳንቲም ባይቀበል እንኳ መልስ የለውም።

እንግዲህ ከፋይና ተቀባይ እያንዳንዳቸው ግዳጅ አለባቸው። ከፋዩ በጊዜውና በበቂ ይክፈል፤ ተመልሶም ይይ፤ ስጦታውንም በልጁና በአሳዳጊው ፊት አይመጻደቅበት። ተቀባዩ የልጁን ድርሻ ለልጁ ያውል፤ ሒሳቡን በግልጥ ያሳይ፤ ልጁንም «ስንት ወጣብህ» እያለ አያሸማቅቀው። ገንዘቡ ቢዘገይ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ቍጣውን በልጁ ላይ ማሳረፍ ግን ኀጢአት ነው። በሐዋርያት ዘመን የመበለቶች የዕለት ምግብ አስተዳደግ በጎደለ ጊዜ፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው በዚያ ሥራ ላይ ተሾሙ። ስለ ምግብ ሒሳብ ማሰብ ከመንፈሳዊ ሥራ ውጭ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያሉ ሰዎች ባልተመረጡለት ነበር።

ለመሳለም የመጣ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ጧፍ፣ መስቀልና ጸበል ይዞ ይሄዳል። ከእነዚህ ጋር ይህንንም አሳብ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፦ በሰፈሩ የሰው ልጅ የምታሳድግ አንዲት ሴት አትጠፋም፤ «እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ» ተብላም ብዙ ጊዜ ተመርቃለች። ምርቃቱ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ይከፍላል። ነገር ግን እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በሰው እጅ ነው፤ መራቂውም እጁን ወደ ኪሱ ሳያገባ ምርቃቱን ብቻ ሰጥቶ ቢያልፍ፣ ሊከፈልባት የታሰበችው እጅ የእርሱ እንደ ነበረች ሳያውቅ ይቀራል። የድኻ አደጎች አባት እግዚአብሔር ለሚያሳድጉ ብርታትን፣ ለሚረዱ ቅን ልብን፣ ለልጆቹም ዕድሜንና በረከትን ይስጥ። አሜን።